የፕሮባዮቲክ ካፕሱል እርጎ ውስጥ ሲጨመር፦ ማን ይራባል፣ ማን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «እርጎ የምሠራው አንድ ሊትር ወተት አፍልቼ፣ ወደ 43 ዲግሪ አቀዝቅዤ፣ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ያለበትን እርሾ ጨምሬ ነው። በቅርቡ ጥቅሙ እንዲበዛ ብዬ አንድ የፕሮባዮቲክ (ለጤና ይጠቅማሉ የተባሉ ሕያው ባክቴሪያዎች የያዘ) ካፕሱል ከፍቼ አብሬ ጨመርኩ። ካፕሱሉ 12 ዓይነት ባክቴሪያ፣ በድምሩ 10 ቢሊዮን እንደያዘ ተጽፎበታል። ወተቱን ለ12 ሰዓታት አቆየዋለሁ። ከዚያ በኋላ ካፕሱል አልጨምርም፤ ካለፈው ዙር 50 ሚሊ ሊትር ያህል አስቀርቼ ለሚቀጥለው እርሾ አደርገዋለሁ። አራተኛው ዙር ላይ በጣም ኮመጠጠ፤ ከላዩም አጓት አቀረረ። ባክቴሪያዎቹ በጣም ስለበዙ ነው? አሁን 14ቱም ዓይነት እርጎዬ ውስጥ አሉ ማለት ነው? ለ24 ሰዓታት ባቆየውስ ይበልጥ አይበዙም?»

መልስ፦ የኮመጠጠው የካፕሱሉ ባክቴሪያዎች ስለበዙ አይደለም። እንዲያውም በአራተኛው ዙር ከካፕሱሉ የመጡት እጅግ ተመናምነዋል፤ እርጎዎን ያኮመጠጠው ከመጀመሪያውም እርሾዎ ውስጥ የነበረ አንድ ባክቴሪያ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ወተት ውስጥ የገባ ጠቃሚ ባክቴሪያ ሁሉ ወተት ውስጥ ይራባል ከሚለው ግምት ነው። የጨመሩት ዓይነት ብዛት የሚወስነው ነገር ትንሽ ነው። ወሳኙ ቀድሞ መመገብ የሚችለው፣ ቀድሞ አሲድ የሚያመነጨው፣ በመጨረሻም ያንን አሲድ ተቋቁሞ የሚቆየው ማን መሆኑ ነው።

ወተት ለእኛ ጥሩ ምግብ ነው፤ ለአብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ግን ቁልፉ የጠፋ ጎተራ ነው። ከመቶ 5 እጅ ገደማ የሚሆን ላክቶስ የተባለ ስኳር አለው፤ ላክቶስን ወደ ሕዋሱ አስገብቶ የሚሰብር ኢንዛይም የሌለው ባክቴሪያ ግን ከዚህ ስኳር አንድም ነገር አያገኝም። ከመቶ ከ3 እጅ በላይ ፕሮቲንም አለው፤ ከዚህ ውስጥ አራት አምስተኛ ገደማ የሚሆነው ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያ ኬዚንን እንዳለ መዋጥ አይችልም። የሚፈልገው አሚኖ አሲዶችንና ፔፕታይድ የሚባሉትን የፕሮቲን ቁርጥራጮች ነው፤ እነዚህ ደግሞ ወተት ውስጥ ተዘጋጅተው የሚገኙት በጣም በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ኬዚንን የሚቆርጥ መሣሪያ የሌለው ባክቴሪያ ያችን ጥቂት ከጨረሰ በኋላ በምግብ ተከቦ ረሃብ ላይ ይወድቃል።

የእርጎ እርሾ የተመሠረተው ይህንን ችግር በጋራ በሚፈቱ ሁለት ባክቴሪያዎች ላይ ነው። አንደኛው ክብ ክብ ሆኖ በሰንሰለት የሚታየው ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ ነው፤ ሁለተኛው ዘንግ የሚመስለው ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ ነው። ሁለቱም ላክቶስን ይሰብራሉ። ከዚያ ውጭ ያለው ግንኙነታቸው በደንብ መታየት አለበት፤ ካፕሱሉ ለምን እንዳልሠራ የሚገባን እዚህ ላይ ነውና።

መጀመሪያ የሚነሳው ቴርሞፊለስ ነው። ወተት ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ይህም ኦክስጅን ለማይመቸው ቡልጋሪከስ አካባቢውን ያመቻችለታል። ከስኳሩ ጥቂቱን ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጣል፤ ፎሊክ አሲድም ያመርታል። ወተት ውስጥ በተፈጥሮ ያለውን ዩሪያ ደግሞ ሰብሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሞኒያ ያወጣል። ቡልጋሪከስ የዘረመል ቁሶቹን ለመገንባት ፎርሚክ አሲድን ይፈልጋል፤ ራሱ ግን ማምረት አይችልም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ለእድገቱ ይረዳዋል። በምላሹ ቡልጋሪከስ ለቴርሞፊለስ የሚጎድለውን ይሰጠዋል። በሕዋሱ ግድግዳ ላይ፣ ወደ ውጭ ፊቱን አዙሮ የተተከለ ኬዚን ቆራጭ ኢንዛይም አለው። ቁርጥራጮቹ የሚፈጠሩት ከሕዋሱ ውጭ፣ ወተቱ ውስጥ ስለሆነ ቴርሞፊለስም ይወስዳቸዋል። አብዛኞቹ ቴርሞፊለሶች ይህ መሣሪያ ወይ የላቸውም ወይ በበቂ አይሠራላቸውም።

ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ በ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ4 እስከ 6 ሰዓታት ባለው ጊዜ የወተቱን ፒኤች (ሲወርድ ኮምጣጣነቱ መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ከ6.6 ገደማ ወደ 4.6 ያወርዱታል። 4.6 ላይ የኬዚን ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚገፋፉበት የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚጠፋ ይያያዛሉ፤ ወተቱም ይረጋል። ለየብቻቸው ቢዘሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ለመድረስ ከዚህ በጣም የረዘመ ጊዜ ይፈልጋሉ። የእርጎን መዓዛ የሚሰጠው አሴታልዲሃይድም በብዛት የሚወጣው ሁለቱ ሲተባበሩ ነው። ወተት ውስጥ ምን ያህል ረጅም ጊዜ አብረው እንደኖሩ ጂኖማቸው፣ ማለትም ሙሉው የዘር መረጃቸው፣ ይናገራል፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የቴርሞፊለስ፣ በ2006 ደግሞ የቡልጋሪከስ ጂኖም ሙሉ በሙሉ ተነቦ ሲታተም ሁለቱም ላይ ከሥራ ውጭ የሆኑ በርካታ ጂኖች ተገኝተዋል። ወተቱና ጎረቤቱ የሚሰጡትን ነገር ራስ ማምረት አላስፈለገም።

ይህ ትብብር ግን የማንኛውም ቴርሞፊለስና የማንኛውም ቡልጋሪከስ ባሕርይ አይደለም። በአንድ ዝርያ ውስጥ ስትሬን የሚባሉ ብዙ የዘር መስመሮች አሉ፤ ጠባያቸውም ይለያያል። ራሱ ኬዚን የሚቆርጥ ቴርሞፊለስ ቡልጋሪከስን ያን ያህል አይፈልገውም። እርሾ አምራቾች ብዙ ስትሬኖችን እያጣመሩ የሚፈትኑት ለዚህ ነው፤ በደንብ የሚሠራ ጥምረት የሚገኘው በሙከራ ነው። ካፕሱል ውስጥ 12 ዓይነት የሚያስገባው አምራች ግን ይህን ፈተና አላደረገም፤ የማድረግ ምክንያትም የለውም። ካፕሱሉ የተሠራው ተውጦ አንጀት እንዲደርስ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ደርቀው፣ ሳይባዙ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እዚያ በሰላም አብረው መቆየታቸው ወተት ውስጥ አብረው ያድጋሉ ማለት አይደለም።

አሁን እነዚያ 12ቱ 43 ዲግሪ ላይ ካለ ወተት ውስጥ ሲወድቁ ምን እንደሚገጥማቸው እንይ። በእንዲህ ዓይነት ካፕሱሎች ውስጥ የሚበዙት የላክቶባሲለስ ቤተሰብ አባላትና ቢፊዶባክቴሪያ የተባሉ የአንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚመቻቸው ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 43 ዲግሪ ለእርጎዎቹ ጥንዶች የተመረጠ ነው። ቢፊዶባክቴሪያ ኦክስጅን ይጎዳቸዋል፣ ኬዚን የመቁረጥ አቅማቸው ደካማ ነው፣ ፒኤች ከ5 በታች ሲወርድም ብዙዎቹ እድገታቸውን ያቆማሉ። ከላክቶባሲለስ ቤተሰብ የሆነው አሲዶፊለስ ወተት ውስጥ ብቻውን ሲተው ቀርፋፋ ነው። ከዚያው ቤተሰብ በስፋት የተጠናው ራምኖሰስ ጂጂ የተባለው ስትሬን ደግሞ ላክቶስን ጨርሶ መጠቀም አይችልም። የእርጎ ባክቴሪያዎቹ ላክቶስን ሰብረው ግሉኮሱን ሲበሉ የሚጥሉትን ሌላውን ስኳር፣ ጋላክቶስን፣ ሊያነሳ ቢችልም፣ እዚያ እስኪደርስ ወተቱ ኮምጥጦ ይጠብቀዋል።

ከዚህ ሌላ ቀጥተኛ ጥቃትም አለ። ቡልጋሪከስ ኦክስጅን ባለበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል፤ ይህ ቁስል ለማጽዳት የሚያገለግለው ያው ኬሚካል ነው፤ አሲዶፊለስንና ቢፊዶባክቴሪያን ይጎዳል። ብዙ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች የቅርብ ዘመዶቻቸውን የሚገድሉ ባክቴሪዮሲን የተባሉ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። አንድ ዓይነት ምግብ የሚፈልጉ የቅርብ ዘመዶችን በአንድ ዕቃ ማብዛት ትብብርን ሳይሆን ሽሚያን ያበዛል።

በሌላ በኩል ጥቅሙ ጨርሶ አይተላለፍም ማለት አይደለም። ቡልጋሪከስ የሚቆርጣቸውን የፕሮቲን ቁርጥራጮች ቢፊዶባክቴሪያም ይጠቀሙባቸዋል፤ ቴርሞፊለስም ኦክስጅኑን በመቀነስ ይጠቅማቸዋል። ፋብሪካዎች ፕሮባዮቲክ እርጎ ሲሠሩ ይህንን ይጠቀማሉ። ነገር ግን ስትሬኑን መርጠው፣ ሙቀቱን ዝቅ አድርገው፣ ፕሮባዮቲኩን ገና ሲጀምሩ በከፍተኛ ቁጥር አስገብተው፣ ብዙ ጊዜም ቡልጋሪከስን ጭራሽ አስቀርተው አሲዶፊለስን፣ ቢፊዶባክቴሪያንና ቴርሞፊለስን ብቻ በማጣመር ነው። ቡልጋሪከስ የሚቀርበት ምክንያት የእርስዎን እርጎ ያበላሸው ያው ጠባዩ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ቁጥሩን እናስላው። 10 ቢሊዮን ባክቴሪያ በአንድ ሊትር ሲበተን በሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን ይሆናል። ለፕሮባዮቲኮቹ በጣም ደግ ሆነን በመጀመሪያው ዙር ሁለት ጊዜ ተከፈሉ፣ ማለትም አራት እጥፍ ሆኑ እንበል፦ 40 ሚሊዮን። ከዚህ 50 ሚሊ ሊትር ወስደው አዲስ አንድ ሊትር ሲያዘጋጁ ሃያ ጊዜ ያህል ይቀጥናሉ። መጀመሪያ የነበሩበት ቁጥር ላይ ለመመለስ ሃያ እጥፍ መሆን አለባቸው፤ እነሱ ግን አራት እጥፍ ብቻ ሆኑ። ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ሁለተኛው ዙር 8 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው 1.6 ሚሊዮን፣ አራተኛው 320 ሺህ። ይህ በአሲዱና በማቀዝቀዣ ቆይታ የሚሞቱትን ሳንቆጥር ነው። የእርጎው ባክቴሪያዎች ግን በእያንዳንዱ ዙር በግራም መቶ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ዓለም አቀፉ የምግብ መስፈርት ኮዴክስ አንድ ምርት በመለያው ላይ ተጨማሪ ባክቴሪያ አለኝ ካለ በግራም ቢያንስ 1 ሚሊዮን እንዲገኝ ይጠይቃል። አራተኛው እርጎዎ በዚህ በለጋስ ስሌት እንኳ ከዚያ በታች ነው፤ ያውም 12ቱ ተደምረው።

የመጀመሪያው ዙርም ቢሆን በቅርበት ሲታይ ትርፉ አጠራጣሪ ነው። ባክቴሪያዎቹ ካልተባዙ አንድ ካፕሱል በአምስት ብርጭቆ እርጎ ተከፋፍሏል ማለት ነው። እያንዳንዱ ብርጭቆ የካፕሱሉን አንድ አምስተኛ ይሰጥዎታል። ከሞቱ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ካፕሱሉን ቢውጡት ኖሮ ሙሉውን ያገኙ ነበር።

ወደ ኮምጣጣነቱ ልመለስ። ቴርሞፊለስ ፈጥኖ ይነሳል፤ ፒኤች ወደ 5 ሲጠጋ ግን እየደከመ ይሄዳል። ቡልጋሪከስ ያኔ ነው የሚበረታው፤ ከረጋ በኋላም አሲድ ማውጣቱን ይቀጥላል፣ ፒኤችን ከ4 በታች ሊያወርደው ይችላል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም ቀስ እያለ ይሠራል። እርስዎ 12 ሰዓታት ሲያቆዩት የመጨረሻዎቹን ሰዓታት በሙሉ ለቡልጋሪከስ ሰጥተውታል። ቀጥሎ ለእርሾ ያስቀሩት ያንን ቡልጋሪከስ የበዛበትን እርጎ ነው። ሁለተኛው ዙር ሚዛኑ ወደ ዘንጉ አጋድሎ ተጀመረ፣ ሦስተኛው የባሰ፣ አራተኛው ላይ ምላስዎ ነገረዎት። አጓቱ ያቀረረውም ከአሲዱ ብዛት ነው፤ የኬዚኑ መረብ ከመጠን በላይ ሲኮመጥጥ ይሰበሰብና የያዘውን ውሃ ይለቃል። ይህ ሁሉ ከካፕሱሉ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ካፕሱል ባይጨምሩም በዚህ አያያዝ ይደርስ ነበር።

ሚዛኑን መመለስ ይቻላል። ሙቀት ወደ 45 ዲግሪ ሲጠጋ ቡልጋሪከስ ይጠቀማል፤ ወደ 40 ሲወርድ ቴርሞፊለስ ይጠቀማል። ብዙ እርሾና ረጅም ቆይታ ቡልጋሪከስን ያበዛሉ። ስለዚህ 41 ወይም 42 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፤ እርሾውን ወደ 20 ወይም 30 ሚሊ ሊትር ይቀንሱት፤ ልክ ሲረጋ፣ ማለትም ከ5 እስከ 6 ሰዓታት ባለው ጊዜ ወደ ማቀዝቀዣ ያስገቡት። ሙቀቱን ግን ከዚህ በጣም አያውርዱት፤ አንዳንድ ቴርሞፊለሶች ሙቀቱ ሲቀንስ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለት በብዛት ስለሚለቁ እርጎው ዝልግልግ ይላል። ጉዳት የለውም፤ ብዙ ሰው ግን አይወደውም። ወተቱን ማፍላትዎ ጥሩ ልማድ ነው፤ የተሻለ የሚሆነው 85 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ሲያቆዩት ነው። ሙቀቱ ተፎካካሪ ባክቴሪያዎችን ይገድላል፣ ኦክስጅኑን ያስወጣል፣ የአጓቱን ፕሮቲኖች ከኬዚኑ ጋር አያይዞ እርጎውን ያወፍረዋል፣ ቡልጋሪከስ ከሚፈልገው ፎርሚክ አሲድም ጥቂት ይፈጥራል።

«ዓይነት በበዛ ቁጥር ጥቅም ይበዛል» የሚለውም መታረም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ፕሮባዮቲክን ሲተረጉሙ፣ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ጥቅም የሚሰጡ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስያን ብለው ነው። በቂ መጠንና የተረጋገጠ ጥቅም ሁለቱም የሚመዘኑት በስትሬን ደረጃ ነው። አንድ ስትሬን ለአንድ ችግር መጥቀሙ ቢረጋገጥ ማስረጃው ለዚያ ስትሬን በዚያ መጠን ብቻ ነው፤ ስሙን ለሚጋራው ሌላ ስትሬን አይሸጋገርም። በሌላ በኩል ተራዎቹን የእርጎ ባክቴሪያዎች አይናቋቸው። አንጀት ውስጥ ሰፍረው አይቀሩም፤ ነገር ግን ላክቶስ የሚሰብረውን ኢንዛይማቸውን ይዘው ስለሚገቡ ወተት የሚያስቸግረው ሰው ላክቶሱን እንዲፈጭ ይረዱታል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንን ጥቅም ተቀብሎታል፤ የጠየቀው በግራም 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ነው። በትክክል የተሠራ ተራ እርጎ ይህን ይደርሳል።

ፕሮባዮቲኮቹን ለብቻ፣ በ37 ዲግሪ፣ ለረጅም ሰዓት ወተት ውስጥ ማሳደግስ? ለቤት አልመክረውም። ምክንያቱ ደህንነት ነው። እርጎን የሚጠብቀው አሲዱ በፍጥነት መውጣቱ ነው። ቀርፋፋ ባክቴሪያ ብቻውን ሲተው ወተቱ በሰውነት ሙቀት ላይ፣ ሳይኮመጥጥ፣ ለብዙ ሰዓት ይቀመጣል። ምግብ የሚመርዘው ባክቴሪያ ባሲለስ ሴሪየስ ማፍላትን የሚቋቋም ስፖር (የደረቀ ዘር መሰል ቅርጽ) አለው፤ ሌላው ምግብ መራዥ ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከእጅ ወይም ከዕቃ ሊገባ ይችላል፣ የሚለቀው መርዝም መልሰው ቢያፈሉት አይጠፋም። ካፕሱሉ ውስጥ ያሉ ሌሎች ማሟያዎች፣ እንደ ኢኑሊን (የአትክልት አሰር) ያሉት፣ ለማን ቀለብ እንደሚሆኑም መቆጣጠር አይችሉም። የፒኤች መለኪያ ከሌለዎት አይሞክሩት።

እንዲያደርጉ የምመክረው ይህ ነው፦ እርጎውን በሁለቱ ባክቴሪያዎች ብቻ ይሥሩ። ካፕሱሉን ወተቱ ላይ አይጨምሩ። ፕሮባዮቲክ መውሰድ ከፈለጉ ካፕሱሉን እንዳለ ይዋጡት፤ ወይም የዱቄት ዓይነት ከሆነ ቀዝቅዞ ለመብላት የተዘጋጀ አንድ ብርጭቆ እርጎ ላይ ነስንሰው ወዲያውኑ ይብሉት። የሆድ አሲድን እንዲያልፍ ተብሎ የተሸፈነ ካፕሱል ከሆነ መክፈት መከላከያውን መጣል ስለሆነ አይክፈቱት። የግድ ፕሮባዮቲክ እርጎ ራሴ ልሥራ ካሉ፣ ለዚያ ተብሎ የተዘጋጀ እርሾ ይግዙ፣ የተጻፈውን ሙቀትና ሰዓት ይጠብቁ፣ ከሱ ግን ለቀጣይ ዙር እርሾ አያስቀሩ። ከላይ ያየነው ስሌት እዚያም ይሠራል።

አሁን ያለዎትን እርሾ ጥለው በአዲስ ይጀምሩ፤ አዲሱንም ጥቂት ዙር ከሄደ በኋላ፣ ጣዕሙ ወይም የመርጊያ ሰዓቱ ሲለወጥ ይቀይሩት። ወተቱ በ8 ሰዓታት ውስጥ ካልረጋ፣ አረፋ ከሠራ፣ ቀለም ከቀየረ ወይም ሽታው እንግዳ ከሆነ ቀምሰው ለመወሰን አይሞክሩ፤ ይድፉት። በጥሩ እርሾ እየሠሩ ካልረጋ አንዱ ሊሆን የሚችል ምክንያት በመድኃኒት የታከመች ላም ወተት ነው፤ ቴርሞፊለስ ለፔኒሲሊን በጣም ስሱ ነው። ቤት ውስጥ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ በጣም የተዳከመ ወይም በትልቅ ደም ሥሩ ቱቦ የገባለት ሰው ካለ ማንኛውም ፕሮባዮቲክ ከሐኪሙ ፈቃድ ውጭ አይሰጠው።

24 ሰዓታት ማቆየትን በተመለከተ፣ አይበዙም። እድገቱ የሚቆመው ምግብ ስላለቀ ሳይሆን አሲዱ ስለገታቸው ነው፤ ላክቶሱ ገና ብዙ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ባለው ሰዓት ቡልጋሪከስ አሲድ ይጨምራል፣ ቴርሞፊለስ መሞት ይጀምራል፣ ከካፕሱሉ የተረፉ ካሉም እየተመናመኑ ይሄዳሉ። በ6 ሰዓት ገደማ የወጣ እርጎ ከ24 ሰዓታቱ ይልቅ የሁለቱን ሕያው ባክቴሪያዎች ሚዛን ጠብቆ ይይዛል።